ፎንቆ እያደገች ነው፤ መንገዱ የት እንደሚያልፍ ማን ያውቃል?

ከወራቤ ወደ ሆሳዕና የሄደ ሰው ፎንቆን ያውቃታል። ሀዲያ ዞን ውስጥ የአንሌሞ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንደ ብዙዎቹ ትንንሽ ከተሞቻችን ያደገችው መንገድ ይዛ ነው። ሱቁና ምግብ ቤቱ ዳር ዳሩን፣ ከጀርባ እንሰትና እርሻ።

ነሐሴ 2015 ዓ.ም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሳዕና የክልሉ መቀመጫ ሆናለች። ከተማ ሲያድግ ደግሞ ዕድገቱ መንገድ ተከትሎ ይወጣል። ስለዚህ ጥያቄው "ፎንቆ ታድጋለች ወይ?" አይደለም። ጥያቄው "ቀድሞ የሚመጣው ፕላኑ ነው ወይስ ቤቱ?" ነው።

ሕጉ ምን ይላል? በከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 መሠረት ከተማ መዋቅራዊ ፕላን ያስፈልገዋል። የሚያገለግለውም ለ10 ዓመት ነው። መንገዱ፣ ገበያው፣ መኖሪያው፣ ክፍት ቦታው እዚያ ላይ ይሰመራል። ከመጽደቁ በፊት ደግሞ ሕዝብ ሊወያይበት ይገባል። ማለትም ፕላን የቢሮ ምስጢር አይደለም፤ የማየት መብት አለን።

ችግሩ ግን ከቁጥር ይጀምራል። የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ነው። በ2010 ሊካሄድ የታሰበው ተራዘመ፤ በ2011ም እንደገና ተራዘመ። በ1999 የተወለደ ልጅ ዛሬ 18 ዓመት አልፎታል፣ ቤት መሥሪያ ቦታም እያሰበ ይሆናል። ትንሽ ከተማ ስንት ክፍል፣ ስንት ቦኖ፣ ስንት ሜትር ቦይ እንደሚያስፈልጋት የምታሰላው ይህ ልጅ ገና ሲወለድ በተቆጠረ ሕዝብ ላይ ግምት እየጨመረች ነው።

አሁን ወደ እናንተ እንምጣ። ብዙ ወጣት ሊዝ ሲከብደው ከከተማ ዳር ከገበሬ ላይ "በውል" ቦታ ይገዛል። ዋጋው ቀላል ነው፣ ምስክር አለ፣ ፊርማ አለ። ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ያቺ ወረቀት ክርክር ሲነሳ አታድንም።

ሌላም ነገር አለ። በአገራችን የከተማ ፕላን መለኪያ 30 በመቶ ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ነው። እንግዲህ አስሉት፦ ከ10 ሄክታር ማስፋፊያ ውስጥ 6ቱ ቤት የሚሠራበት አይደለም። ፕላኑን ሳያይ በውል የገዛ ሰው መንገድ ላይ ወይም ቦይ ላይ የመውደቅ ዕድሉ ትንሽ አይደለም።

በሌላ ወገን ደግሞ ገበሬው አለ። በ2011 የወጣው አዋጅ 1161 ከማሳው ለዘለቄታው ለሚነሳ ሰው ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ በ15 አባዝቶ ካሳ እንዲሰላ አድርጓል። ስንዴ ቢሆን ሒሳቡ ቀላል ነው። እንሰት ግን ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ አብዛኛውም ገበያ ሳይወጣ ቆጮ ሆኖ ቤት ውስጥ ይበላል። ገበያ ያልወጣ ነገር ደግሞ ግምት ሲሠራ በቀላሉ ይቀላል። ለገበሬው ግን የቤተሰቡ ዋስትና እሱ ነው፤ ባለቤቱ ቆሞ ማስቆጠር አለበት።

ካሳውንስ ማን ይከፍላል? የ2016ቱ ማሻሻያ ሸክሙን ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች አምጥቶታል። አዲስ ክልል፣ ትንሽ ከተማ፣ ቀጭን በጀት። ዛሬ ባዶ ሜዳ ላይ መንገድ ማስመር ችካል መትከል ነው። ከ10 ዓመት በኋላ ያንኑ መንገድ ማውጣት ግን ቤት ማፍረስ፣ ካሳ መክፈል፣ ሰው ማፈናቀል ነው። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ሁላችንም በስልካችን አይተናል። ቤት ከቆመ በኋላ የሚመጣ ፕላን ለነዋሪውም ለመንግሥትም ውድ ነው።

ሰው ያላመነበት ፕላንም ዕድሜ የለውም። የአዲስ አበባና የዙሪያው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ትልቅ ተቃውሞ አስነስቶ፣ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ፣ ጥር 2008 ላይ ተሰርዟል። ፎንቆ አዲስ አበባ አይደለችም፤ ግን ገበሬ በሁሉም ቦታ ገበሬ ነው። ማሳው ላይ መስመር ሲሰመር ቀድሞ መስማት ይፈልጋል።

ስለዚህ ፎንቆ ያላችሁ፣ ወይም በሌላ ትንሽ ከተማ የምትኖሩ፣ ማዘጋጃ ቤት ሂዱና ሦስት ነገር ጠይቁ፦

1. የከተማችን ፕላን መቼ ጸደቀ? መቼስ ያበቃል?
2. ካርታውን ማየት እንችላለን? ማስፋፊያው በየት በኩል ነው?
3. የጎርፍ ማፋሰሻና የገበያ ቦታ የት ተይዟል?

ቦታ ልትገዙ ካሰባችሁ ደግሞ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ጠይቁ። ካርታው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሁሉም ሰው የሚያየው ከሆነ ደላላም አያታልልም፣ ገበሬም አይደነግጥም፣ ከተማዋም ነገ ልታፈርሰው የምትገደድበትን ቤት ዛሬ አታስገነባም።