የአውሮራን ስም ማን ሸጠው?

ኖቬምበር 2017፣ የምስጋና ቀን ዋዜማ። በዴንቨር ፋይቭ ፖይንትስ ሰፈር፣ ላሪመር መንገድ ላይ የሚገኝ ኢንክ የተባለ ቡና ቤት ደጃፉ ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ አቆመ። ሰሌዳው በአንድ ፊቱ፣ ከ2014 ጀምሮ ሰፈሩን ከድሃ እጅ ወደ ሀብታም እጅ በደስታ እያሸጋገርን ነው ይላል። በሌላው ፊቱ ደግሞ ለዚህ ሽግግር ኮርታዶ ማዘዝ ከመቻል የበለጠ ምስክር የለም የሚል ነበረበት።

ፋይቭ ፖይንትስ እንደዚህ የሚቀለድበት ሰፈር አይደለም። ጥቁሮች ሌላ ቦታ ቤት እንዳይገዙ በተከለከሉበት ዘመን ተሰባስበው የኖሩበት፣ በጃዝ ክለቦቹ "የምዕራቡ ሃርለም" የሚል ስም ያተረፈ ነው። ኪራይ ሰማይ ሲነካ ነባሩ ነዋሪ ዕቃውን እየጫነ ይወጣል፤ በለቀቀው ቤት አጠገብ ደግሞ ቡና ቤቱ ደስ ብሎኛል ብሎ ጻፈበት። ፎቶው በማኅበራዊ ሚዲያ ሲለቀቅ ከተማው ተቀጣጠለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። ድርጅቱ መጀመሪያ ትዊተር ላይ የሰጠው መልስ ሌላ ቀልድ ነበር፤ የራሳችንን ቡና አብዝተን ጠጥተን ነው ዓይነት። በእሳት ላይ ጋዝ ማለት ይኸው ነው። ቀጥሎ መሥራቹ ኪት ኸርበርት ፌስቡክ ላይ በስማቸው ረጅም ይቅርታ ጻፉ፤ ማፈራቸውን ተናገሩ። ሰሌዳውን የሠራው ከልቲቬተር የተባለው የማስታወቂያ ድርጅትም ብቅ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆኖ ነበር። መስኮት ተሰበረ፣ ግድግዳው ላይ ቀለም ተረጨ፣ ቅዳሜ ዕለት በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ለተቃውሞ ደጃፉ ላይ ተሰለፈ፣ ቡና ቤቱም ለጊዜው ተዘጋ።

እዚያው ከተማ ውስጥ፣ ከፋይቭ ፖይንትስ ብዙም በማይርቀው ዊቲየር ሰፈር፣ አንዲት ትውልደ ኢትዮጵያዊት የከፈቱት ዊቲየር ካፌ ደግሞ ቡናውን ከአፍሪካ አገሮች እያስመጣ፣ በሩን ለሰፈር ስብሰባ ክፍት እያደረገ ይሠራ ነበር። ሁለቱም የሸጡት ቡና ነው። ልዩነቱ አንዱ ስለ ጎረቤቱ መጻፉ፣ ሌላው ከጎረቤቱ ጋር መነጋገሩ ነው።

ማስታወቂያ የሚያስተምር ሰው የኢንክን ታሪክ እንዲህ አይደረግም ለማለት ያነሳዋል፤ ልክም ነው። ነገር ግን ከዚያ ሰባት ዓመት በኋላ በጎረቤት ከተማ አውሮራ የተፈጸመው፣ በሙያው መለኪያ የተሳካው ሥራ፣ ከኢንክ ስህተት እጅግ የባሰ ነው።

ሲቢዜድ ማኔጅመንት የተባለ ድርጅት በአውሮራ አፓርትመንቶች ያከራይ ነበር። ተከራዮቹ በአብዛኛው ስደተኞችና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ስለ አይጥና ስለ በረሮ፣ ስለማይነሳ ቆሻሻ፣ ስለማይሠራ ሂተር የሚቀርበው ቅሬታ ለዓመታት ተጠራቅሟል፤ ከተማዋም በደንብ ጥሰት ስትከታተለው ቆይታለች። በመጨረሻ ኦገስት 13 ቀን 2024 ኖም ጎዳና ላይ ያለውን ሕንጻ ለመኖሪያ አይሆንም ብላ ዘጋችው። ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ፍራሹንና ልጁን ይዞ ወጣ።

በዚሁ ሰሞን ሲቢዜድ ሬድ ባንያን የተባለ ፍሎሪዳ ያለ የሕዝብ ግንኙነት (ፒአር) ድርጅት ቀጥሮ ነበር። የፒአር ድርጅቱ ለጋዜጠኞች ያቀረበው ታሪክ ስለ አይጥ አያወራም። ሕንጻውን ትሬን ዴ አራጓ የተባለ የቬኔዝዌላ የወንበዴ ቡድን ነጥቆናል፣ እኛ ወደ ንብረታችን መድረስ አልቻልንም የሚል ነበር። ከዚያ ኦገስት 18 ቀን ኤጅ አት ላውሪ በተባለው ሌላው ሕንጻቸው ኮሪደር ላይ መሣሪያ የያዙ ወንዶች በር ሲያንኳኩ የሚያሳይ ቪዲዮ በወሩ መጨረሻ ወጣና ዓለምን ዞረ።

መሣሪያዎቹ እውነተኛ ነበሩ። የተከራዮቹ ፍርሃትም እውነተኛ ነበር፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር እዚያው ግቢ ውስጥ ሰዎች ታግተው ተደብድበዋል። ይህን መካድ ነዋሪውን መበደል ነው። ግን ጥሩ የፒአር ሰው ውሸት መፍጠር አያስፈልገውም፤ ከእውነቱ አንዱን ቁራጭ አንስቶ የሌላው መሸፈኛ ያደርገዋል። ወንበዴ ያለበት ሕንጻ ጣሪያው ለምን እንደሚያፈስ የሚጠይቅ አይኖርም።

ወሬውም ከአከራዩ እጅ ወጣ። ከንቲባው ማይክ ኮፍማን ራሳቸው መጀመሪያ በቴሌቪዥን ቀርበው አንዳንድ ሕንጻዎች በወንበዴ እጅ ወድቀዋል እስከማለት ደረሱ። ሴፕቴምበር 10 ዶናልድ ትራምፕ በምርጫ ክርክር የአውሮራን ስም ጠሩ። በማግስቱ ከንቲባው ከምክር ቤት አባል ዳንየል ጁሪንስኪ ጋር መግለጫ አውጥተው ቡድኑ ከተማዋን አልያዘም፣ ወሬው ተጋኗል አሉ፤ ሰሚ ግን አልነበረም። ኦክቶበር 11 ትራምፕ አውሮራ ድረስ መጥተው ጌይሎርድ ሮኪስ ሆቴል ሰልፍ ጠሩ፣ የማባረር ዕቅዳቸውንም "ኦፕሬሽን አውሮራ" አሉት። አንድ አከራይ ከአይጥና ከበረሮ ክስ ለማምለጥ የከፈለበት ወሬ ወደ 400 ሺህ ሰው የሚኖርባትን ከተማ ስም ይዞ ሄደ።

ይህን ሒሳብ የከፈለው ማን ነው? ሀቫና መንገድ ላይ እንጀራ የሚጋግሩት፣ ኮልፋክስ ላይ ሱቅ የከፈቱት፣ ሌሊት ታክሲ የሚነዱት ናቸው። አውሮራ የአዳማ እህት ከተማ ናት፤ ብዙ ሀበሻ ቤት የገዛባትና ልጅ ያሳደገባት ከተማ ናት። በዚያ መከር ከዲሲና ከዳላስ የሚደውል ዘመድ ጥያቄው "ሥራ እንዴት ነው?" መሆኑ ቀርቶ "ኧረ ከዚያ ውጡ!" ሆነ። የሀበሻ ምግብ ቤት የፍሎሪዳ ፒአር አይቀጥርም። ማስታወቂያው በር ላይ ከኪራይ ቤትና ከኮንሰርት ወረቀት ጎን የሚለጠፍ ወረቀት፣ የቲክቶክ ቪዲዮ፣ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ የሚነገር ወሬ ነው። በዚህ መሣሪያ ከብሔራዊ ቴሌቪዥን ጋር አይታገሉም።

ደካማው ወገን ሁልጊዜ ይሸነፋል ማለት ግን አይደለም። በ2006 ስታርባክስ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በሲዳሞ፣ በሐረርና በይርጋጨፌ የንግድ ምልክት ሲከራከር ትልቁ ድርጅት ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ አውጥቶ አቋሙን አስረዳ። ኦክስፋም በዘመቻ መለሰ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለኩባንያው ጻፉ፣ በ2007 አጋማሽ ስምምነት ተፈረመ። እዚያ ያሸነፈው በእጁ ሰነድ የያዘው ነው። የኖም ጎዳና ተከራዮችም ሰነድ ነበራቸው፤ የከተማው የደንብ ጥሰት መዝገብ። ግን ካሜራ ይዞ ያንን መዝገብ ለማንበብ የቸኮለ ጥቂት ነበር።

በሙያው መለኪያ ኢንክ ወደቀ፣ ሲቢዜድ ተሳካለት። በሰው መለኪያ ግን ኸርበርት ቢያንስ በስማቸው ወጥተው ይቅርታ ጠይቀዋል። የሲቢዜድ አካሄድ አንድም ቧንቧ አልጠገነም፤ ኤጅ አት ላውሪም በ2025 መጀመሪያ ተዘግቶ ነዋሪዎቹ ተበተኑ።

አሁን ለሀበሻ ነጋዴዎች አንድ ነገር። በዚያው ኦገስት 2024 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሐሰት አስተያየትን የሚከለክል ደንብ አጽድቋል፤ ከኦክቶበር 21 ጀምሮም ሥራ ላይ ውሏል። የተገዛ የአምስት ኮከብ አስተያየት፣ የተገዛ የሐሰት ተከታይ፣ የቤቱ ሠራተኛ መሆኑን ሳይገልጽ የሚጻፍ ውዳሴ በዚህ ውስጥ ይገባል፤ ቅጣቱም ለአንድ ጥሰት ከ51 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የአጎት ልጅ በአምስት ስልክ አስተያየት እንዲጽፍ አታድርጉ። ቅሬታ ሲጻፍባችሁ በስማችሁ፣ በአጭሩ፣ ያበላሻችሁትን ጠቅሳችሁ መልሱ። የከተማ ተቆጣጣሪ ወረቀት ከለጠፈባችሁም ለቃል አቀባይ ከመደወላችሁ በፊት ለቧንቧ ሠራተኛ ደውሉ።