ጤፍ ፍርድ ቤት ሲቀርብ እኛ የት ነበርን?



በዚህ ግቢ ውስጥ ስለ እንጀራ የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ማነሱና ስለ መሻገቱ ነው። ይህ ገጽም ስለ ምግብ ቤቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ጽፏል፤ የተለወጠ ነገር ግን አላየንም። ዛሬ የምናነሣው ሌላ ክርክር ነው። ይኸውም በኔዘርላንድ አገር፣ በሄግ ከተማ ፍርድ ቤት ስለ ጤፍ ዱቄት የተደረገው ሙግት ነው። ፍርዱ የተሰጠው በ2018 በኖቬምበር ወር ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከሳሹ ኤንሸንትግሬን የሚባል ኩባንያ፣ ተከሳሹም ለዳቦ ጋጋሪዎች ዕቃ የሚያቀርበው ቤክልስ ነበረ። ከሳሹ በጤፍ ዱቄትና ከእርሱ በሚሠሩ ምግቦች ላይ ፓተንት አለኝ፣ ያለ ፈቃዴ ማንም ሊሠራና ሊሸጥ አይችልም አለ። ተከሳሹም ፓተንቱ ከመጀመሪያውም ሊሰጥ የማይገባው ነበር ሲል መለሰ። ፍርድ ቤቱ ለተከሳሹ ፈረደ፤ ፓተንቱም በኔዘርላንድ ፈረሰ።

ወሬው በ2019 መጀመሪያ አዲስ አበባ ሲደርስ ታላቅ ደስታ ሆነ። ደስ መሰኘቱን አንነቅፍም። ነገር ግን ረታን ለማለት አስቀድሞ መሟገት ያስፈልጋል። በዚያ ችሎት ኢትዮጵያ ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረችም። ሁለት ባዕዳን ስለ ገበያቸው ተጣልተው በጠባቸው መካከል የእኛ በሬ ተፈታልን እንጂ፣ ገመዱን የቆረጥነው እኛ አይደለንም። ቤክልስ በስምምነት ገንዘብ ከፍሎ ነገሩን ቢያበርደው ኖሮ በሬው እንደ ታሰረ በቀረ ነበር።

ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ ለማያውቁት ጥቂት እንበል። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በ2003 በጁላይ ወር ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት በአገሩ የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። በ2005 በኤፕሪል ወር ደግሞ ይኸው ኩባንያ ከኢትዮጵያ የብዝኀ ሕይወት ጥበቃ ተቋምና ከእርሻ ምርምር ድርጅት ጋራ ለ10 ዓመት የሚጸና ውል ተፈራረመ። ማመልከቻው በዚያን ጊዜ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ውሉ ሲነበብ መልካም ነው። ኩባንያው ከትርፉ ያካፍላል፣ ለጤፍ ጉዳይ በሚቋቋም ገንዘብ ውስጥ በዓመት ከ20,000 ዩሮ የማያንስ ያስገባል ይላል። እንዲያውም በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ውል አርአያ ይሆናል ተብሎ ተወድሶ ነበር። በ2012 የኖርዌይ የፍሪትዮፍ ናንሰን ተቋም ተመራማሪዎች ጉዳዩን መርምረው ሲጽፉ፣ ኢትዮጵያ ያገኘችው 4,000 ዩሮና ሳይፈጸም የተቋረጠ አንድ አነስተኛ የምርምር ሥራ ብቻ መሆኑን አስታወቁ። ኩባንያው በ2009 ከሠረ፤ ውል የገባው አካል ሲጠፋ ውሉም ተከትሎት ጠፋ። ፓተንቱ ግን አልጠፋም፤ ወደ ሌላ ኩባንያ እጅ ተሻገረ። ውል ከባለቤቱ ጋራ የሚቀበር፣ ፓተንት ግን የሚወረስ ነገር መሆኑን የሕግ ትምህርት ክፍል ጓደኞቻችን ቢያስረዱን ደስ ይለናል።

ለመሆኑ በፓተንቱ ውስጥ ተፈለሰፈ የተባለው ምንድን ነው? ዋናው ቁም ነገር ፈረንጆች የመውደቂያ ቁጥር የሚሉት መለኪያ ነው። ዱቄት በውሃ ይበጠበጥና በቱቦ ሆኖ በፈላ ውሃ ውስጥ ይሞቃል፤ ከዚያም አንድ በትር በሊጡ ውስጥ እስኪሰምጥ ድረስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ይቆጠራል። እህሉ ገና እርጥበት ያለው ወይም ሊበቅል የጀመረ እንደ ሆነ በውስጡ ያለው ኤንዛይም ስታርቹን ስለሚሰባብር ሊጡ ይቀጥናል፣ በትሩም ቶሎ ይወድቃል። ፓተንቱ፣ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ጥቂት ጊዜ ተቀምጦ ሲፈጭ ይህ ቁጥር ቢያንስ 250 የሚሆንለትን ዱቄት፣ ከዚያም የተሠራውን ሊጥና ምግብ ሁሉ የእኔ ነው ይላል። እንግዲህ ከመካከላችን የገበሬ ልጅ የሆነ ሁሉ ይፍረድ። ጤፍ ከአውድማ ገብቶ በጎተራ ሲቀመጥ፣ ነጩ ከቀዩ ጋራ ሰርገኛ ሆኖ ሲፈጭ፣ ዱቄቱ በወንፊት ሲነፋ፣ እናቶቻችን ሰከንድ አይቆጥሩም ይሆናል እንጂ ሥራውን የተማሩት ከሄግ አይደለም። ፍርድ ቤቱም በፓተንቱ የተጻፈው ነገር ሙያውን ለሚያውቅ ሰው አዲስ የፈጠራ እርምጃ የለበትም አለ። ይህን ለማለት ግን ከማመልከቻው ቀን 15 ዓመት ፈጀ።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ብዙ ሰው ፓተንቱ ፈረሰ ሲባል በዓለም ሁሉ የፈረሰ ይመስለዋል። ፓተንት እንደ ግዛት ነው፤ ከድንበሩ ወዲያ አይዘልቅም። በሙኒክ የሚገኘው የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ለዚሁ ኩባንያ በ2007 በጃንዋሪ ወር ፓተንት ሰጥቶ ነበር። እንዲህ ያለው ፓተንት ከተሰጠ በኋላ ግን በየአገሩ ተከፋፍሎ ይቀመጣል። የጤፉም በጀርመን፣ በእንግሊዝ፣ በቤልጅግ፣ በአውስትሪያና በኢጣሊያ ሊጸና ችሏል። የሄግ ዳኛ የሚያፈርሰው በኔዘርላንድ ያለውን ብቻ ነው። የቀረውን ለማፍረስ የፈለገ በየአገሩ ጠበቃ ይዞ፣ በየአገሩ ቋንቋ፣ በየአገሩ ገንዘብ መሟገት ነበረበት። እኛ እስከምናውቀው ድረስ ይህን ያደረገ የለም። የአውሮፓው ፓተንት ቢዘገይ በ2024 የ20 ዓመት ዕድሜው አልቋል። ይህ ድል ከተባለ ያሸነፈልን የቀን መቁጠሪያ ነው።

አንዱ ነገር በየአገሩ ሌላ ሌላ ፍርድ እንደሚያገኝ ለማየት የሐርቫርድን አይጥ ማስታወስ ይበቃል። ለካንሰር ምርምር የተለወጠችው ይህች አይጥ በአሜሪካ በ1988 ፓተንት ተሰጠባት፤ በአውሮፓ ከብዙ ክርክር በኋላ መብቱ ጠበብ ተደርጎ ተፈቀደ፤ በካናዳ ግን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2002 ከ9 ዳኞች በ5ቱ ድምፅ፣ ከፍ ያለ እንስሳ ፈጠራ ተብሎ ፓተንት ሊወጣበት አይችልም ብሎ ከለከለ። አይጧ አንዲት ናት፤ ሕጉ ግን ብዙ ነው።

ታዲያ ድሃ አገር ምን ማድረግ ይችላል የሚል ይኖራል። ህንዶች ያደረጉትን እንመልከት። የኒምን ዘይት በሰብል ላይ ለሚወጣ ሻጋታ መከላከያ አድርጎ ስለ መጠቀም የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤትና ግሬስ የሚባለው ኩባንያ በ1994 በአውሮፓ ፓተንት አግኝተው ነበር። የአውሮፓ ደንብ ፓተንት ከተሰጠ እስከ 9 ወር ድረስ ማንም ሰው፣ የማንኛውም አገር ዜጋ ቢሆን፣ መቃወሚያ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ቫንዳና ሺቫና ተባባሪዎቿ በ1995 በዚህ በር ገቡ። ከፓተንቱ ማመልከቻ በፊት ዘይቱ በህንድ እርሻ ላይ ተሞክሮ እንደ ነበር የሚመሰክር ሰው ከህንድ ወደ ሙኒክ ሄዶ ቃሉን ሰጠ። ፓተንቱ በ2000 ተሰረዘ፤ ይግባኙም በ2005 ወደቀ። በ2007 ስለ ጤፍ ያው የ9 ወር በር ክፍት ነበር፤ ከአዲስ አበባ ግን የገባበት የለም። በዚያ ዓመት በየቢሮውና በየዩኒቨርሲቲው የተቀመጥን የተማርን ሰዎች ስንት ነበርን? ጥያቄው መሥሪያ ቤቶችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ስለ ጤፍ ዱቄት መመስከር የሚችል የምግብ ሳይንስ መምህር፣ የሙኒክን ደብዳቤ ማንበብ የሚችል የሕግ ተማሪ በዚህ አገር አልጠፋም ነበር።

የእርድ ጉዳይ ደግሞ ለእኛ ለተማሪዎች ይበልጥ ይቀርባል። የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል በ1995 እርድን ለቍስል መድኃኒትነት ስለ መጠቀም በአሜሪካ ፓተንት አወጣ። በህንድ አገር እርድ በቍስል ላይ እንደሚነሰነስ የማያውቅ ቤት የለም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የነበረው የአሜሪካ ሕግ በውጭ አገር ሰዎች የሚሠሩበትን ነገር እንደ ማስረጃ አይቆጥርም ነበር፤ የሚቆጥረው በጽሑፍ የታተመውን ብቻ ነው። ሕጉ የተሻሻለው በ2011 ነው። ስለዚህ የህንድ የሳይንስ ምርምር ምክር ቤት የአያቶችን ምስክርነት ትቶ 32 ጽሑፎች ሰብስቦ አቀረበ። ከእነርሱም መካከል አንዱ በ1953 በህንድ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የወጣ ነበር። ፓተንቱ በ1997 ተሰረዘ። ያ የ1953 ጽሑፍ ሲታተም ደራሲው አንድ ቀን በዋሽንግተን እንደሚሟገት አላሰበም ይሆናል። ህንድ ከዚያ በኋላ የባህል መድኃኒት ዕውቀቷን በየቋንቋው እያስመዘገበች የፓተንት መርማሪዎች እንዲያዩት አደረገች።

የእኛስ? ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከእነርሱ በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ፣ ነገሩን መርምሮ ጻፈ፤ ለቢልሃርዝያ መከላከያ የሚሆን ዕውቀት ከልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ወደ ሳይንስ መጽሔት ተሻገረ። በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት አገኘበት። ይህም ሆኖ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ በታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቱቦ የሚደፍነውን የዜብራ ዛጎል በእንዶድ ስለ ማጥፋት ፓተንት አወጣ። የተጻፈው ስለ ቀንድ አውጣ እንጂ ስለ ዛጎል አልነበረምና። እንግዲህ ጽሑፍ ሁሉን ያድናል አንልም። ነገር ግን ያልተጻፈው ምንም አያድንም።

አንድ ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንብቦ ተቃወመን። ዕውቀቱን አሳትማችሁ ለዓለም ከበተናችሁት ባዕዱ በነጻ ይወስደዋል፣ ገበሬውም ምንም አያገኝም አለ። ነገሩ ከባድ ነው፤ በቀላሉ የምናልፈው አይደለም። የታተመ ነገር ሌላው ፓተንት እንዳያወጣበት ያግዳል እንጂ ለባለቤቱ ገንዘብ አያመጣም። በምስጢር የተያዘ የአንድ ቤተ ሰብ መድኃኒት የሆነ እንደ ሆነ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማተም እኛም የምንነቅፈው ነጠቃ ነው። የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482ም አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። በ2024 በሜይ ወር በጄኔቭ የጸደቀው ስምምነት ደግሞ ፓተንት ጠያቂው ዘሩን ወይም ዕውቀቱን ከየት እንዳገኘ እንዲናገር ያዛል። መልካም ነው፤ ግን ጠያቂው ሲዋሽ ዋሸህ የሚለው ያው ማስረጃ ያለው ሰው ነው። ጎተራና ወንፊት፣ እርሾና አብሲት ግን የማንም ምስጢር አይደሉም። በመላው አገር የሚሠራባቸውን ነገሮች ከነቀናቸው መጻፍ ማንንም አይነጥቅም።

ስለዚህ ጥያቄያችንን እናቀርባለን። የተከበሩ መምህራኖቻችን፤ በየዓመቱ የሚጻፉት የመመረቂያ ጽሑፎች በየክፍሉ ቁም ሣጥን ተቆልፈው መቅረት የለባቸውም። በቤተ መጻሕፍት የገቡበት ቀን ታትሞባቸው፣ ርእሳቸው በዝርዝር ወጥቶ ማንም ሊያገኛቸው በሚችልበት ቦታ ይቀመጡ። ተቆልፎ የተቀመጠ ጽሑፍ ለሕዝብ የወጣ ነው ብሎ ዳኛን ማሳመን ያዳግታል። ይህ በስቴንስል የተባዛ ወረቀታችን እንኳ፣ ቀን ስላለበትና ለሁሉም ስለሚታደል፣ በሙኒክ ቢቀርብ ሊታይ የሚችል ማስረጃ ነው፤ ቀለሙ ካልለቀቀ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ክረምቱ ሲደርስ ወደየአገራችን እንሄዳለን። የማኅበሩ ጸሐፊ በቢሮው አንድ መዝገብ ከፍቷል። እያንዳንዱ ተማሪ በመንደሩ እህል እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እንደሚደባለቅ፣ እንደሚፈጭና እንደሚቦካ ከእናቱና ከአያቱ ጠይቆ፣ ሁሉ የሚያውቀውን ብቻ፣ በሁለት ገጽ ጽፎ ያምጣ። የነገረችውን ሴት ስም ስትፈቅድ፣ የወረዳውን ስምና ቀኑን አይርሳ። መዝገቡ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ይዘጋል፤ ተባዝቶም ከሚቀጥለው እትም ጋራ ይታደላል፣ አንድ አንድ ቅጅም ለቤተ መጻሕፍቱና ለፓተንት መሥሪያ ቤቱ ይላካል።