አረጋውያኑና አስታማሚዎቻቸው

ኮቪድ-19 በ2020 ካናዳን ባጠቃ ጊዜ በኦታዋ የሚገኘው የፌዴራል መንግሥት ካዝናውን ለመክፈት አልዘገየም። ሥራቸውን ላጡ ነዋሪዎች በየአራት ሳምንቱ 2,000 የካናዳ ዶላር መክፈሉ የሚያስመሰግነው ነው። የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማት ጉዳይ ግን በዋናነት የክፍለ ግዛቶች ሥልጣን ነው፤ ከባዱ ጉዳት የደረሰውም በእነርሱ ላይ ነበር። በመጀመሪያው የወረርሽኙ ማዕበል ከሞቱት ሰዎች ከአሥሩ ስምንቱ ያህል የእነዚህ ተቋማት ነዋሪዎች ነበሩ።

ኬቤክና ኦንታሪዮ ሠራተኛ ሲያጡ የጦር ሠራዊቱን ጠሩ። ወታደሮቹም በኦንታሪዮ አምስት ተቋማት ያዩትን በዘገባ አቀረቡ፦ በረሮ የወረራቸው ክፍሎች፣ ንጽሕናቸው ሳይጠበቅ የቆዩና እርዱን ብለው ቢጮኹ ሰሚ ያጡ አዛውንቶች። እንዲህ ያለ ቸልተኝነት በአንድ ወር የሚፈጠር አይደለም።

ደመወዛቸው አነስተኛ የሆነ አስታማሚዎች ኑሯቸውን ለመደጎም በሁለትና በሦስት ተቋማት ይሠሩ ስለነበር ቫይረሱም አብሯቸው ተዘዋወረ። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በመጋቢት እያንዳንዱ ሠራተኛ በአንድ ተቋም ብቻ እንዲሠራ አዘዘች፤ ደመወዙንም አስተካከለች። ኦንታሪዮ የተከተለችው ሳምንታት ዘግይታ ነው።

በኬቤክ ከአስታማሚዎቹ መካከል ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ የሚጠባበቁ ስደተኞች ነበሩ፤ «ጠባቂ መላእክት» ተብለውም ተወደሱ። በነሐሴ 2020 ኦታዋ ለእነርሱ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሚያገኙበትን መንገድ አስታወቀች። ዕድሉ የተሰጠው ግን ሕሙማንን በቀጥታ ለተንከባከቡት ብቻ ነው። በዚያው ሕንጻ ወለል ያጸዱትና ምግብ ያበሰሉት አልተካተቱም፤ የተለዩበትንም አሳማኝ ምክንያት አላየንም።