የሚደበቀው ከማን ነው?

በቅርቡ አንድ ወጣት ፕሮግራመር ሥራውን ለገዢዎች ሲያቀርብ፣ ፕሮግራሙ የሚጠቀምባቸውን የኮድ ስብስቦች አንስቶ «ላይብረሪዎቻችንን ዲስክ ላይ አናስቀምጥም፤ በቀጥታ ከሜሞሪ ስለምንጭናቸው ደህንነታቸው የተጠበቀ ነው» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እስካሁን ንዴቱ አልበረደልኝም።

ከማን ነው የተጠበቀው? ዲስክ ላይ ያለን ፋይል የሚያዩት አንቲቫይረሱ፣ የሰርቨሩ አስተዳዳሪና የማሽኑ ባለቤት ናቸው። የተደበቀውም ከእነሱ ነው። የአስተዳዳሪ ሥልጣን የነጠቀ ሰርጎ ገብማ ሜሞሪውን ማንበብ አያቅተውም።

ዘዴውን አሳምረው የሚያውቁት ሰባሪዎቹ ናቸው። የደህንነት ተመራማሪው ስቲቨን ፊወር እ.ኤ.አ. በ2008 ለዊንዶውስ ያሳየው ይኸው ስልት ሰርጎ ለመግባት የሚያገለግለው የሜታስፕሎይት ሶፍትዌር ዋና መሣሪያ ሆኗል። ሊኑክስ በ2014 ሜሞሪ ውስጥ ብቻ የሚኖር ፋይል መፍጠር ሲፈቅድ፣ «ከዚህ ቦታ ፕሮግራም አይነሳ» ብሎ አስተዳዳሪ የጣለው ክልከላ የሚታለፍበት መንገድ ተከፈተ። በ2023 በወጣው ሊኑክስ 6.3 መዝጊያ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ይህንን ነው ልጁ ደህንነት ብሎ የሚሸጥልን!

ኸርትብሊድን አስታውሱ። በሚያዝያ 2014 ይህ የኦፕንኤስኤስኤል የምስጠራ ላይብረሪ ቀዳዳ ሲጋለጥ አስተዳዳሪዎች ላይብረሪውን አንዴ አደሱ፣ የሚጠቀሙበትን አገልግሎቶች እንደገና አስነሱ። አሮጌውን ይዞ የቀረ ፕሮግራም ቢኖር በአንድ ትዕዛዝ ይለይ ነበር። ላይብረሪውን በሆዱ ሸሽጎ ከሜሞሪ የሚጭን ፕሮግራም ግን እድሳቱ አይደርሰውም። የትኛውን ስሪት እንደያዘ የሚናገር ፋይል የለም፤ አስተዳዳሪው ቀዳዳውን ደፈንኩ ብሎ ይተኛል፣ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ያድራል። ያን ሌሊት ጥፋት ቢደርስ ተጠያቂ የሚሆነው እሱ ነው፤ ሻጩ አይደለም።

ዲስክ ላይ ያለው ላይብረሪ «የጋራ» የተባለውም በከንቱ አይደለም። አሥር ፕሮግራሞች አንዱን ፋይል ሲከፍቱ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የኮዱን አንድ ቅጂ ለሁሉም ያካፍላል። እያንዳንዱ ለብቻው ከሜሞሪ ሲጭን አሥር ቅጂ ይሆናል።

ላይብረሪው እንዳይነካ የሚፈልግ በዲጂታል ፊርማ አትሞ ከፕሮግራሙ አጠገብ ያስቀምጠው።

ሶፍትዌር የምትገዙ መሥሪያ ቤቶች ሆይ፣ ሻጩን ዲስክ ላይ የሌለ ምን ኮድ በማሽናችሁ ላይ እንደሚያስነሳ ጠይቁት። ዝርዝሩን ከነስሪት ቁጥሩ በጽሑፍ ካልሰጣችሁ ውሉን አትፈርሙ።