ማስተርሱ ለምን? ከመመዝገባችን በፊት እንነጋገር

በዛሬው ዓምዳችን በብዙ ቤቶች ውስጥ በባልና በሚስት መካከል የሚነሳ አንድ ጉዳይ እናያለን። ጉዳዩ “ማስተርሴን ልጀምር ወይስ ልጆቹ ትንሽ ከፍ ይበሉ?” የሚለው ነው። በተለይ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ወንድሞችና እህቶች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን፣ የልማት ጥናት፣ ሶሾሎጂ ወይም ሶሻል ወርክ ነው። ሠራተኛ የሚማረው በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ በመሆኑ ዋጋውን የሚከፍለው ተማሪው ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡም አብሮ ይከፍላል።

ቀደም ባለው ዘመን ሁለተኛ ዲግሪ ማለት ወደ ውጭ አገር መሄድ ማለት ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። የመንግሥት ሠራተኛውን እንዲያሠለጥን የታሰበው ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ በ1987 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በኋላም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በደርግ ዘመን ተዘግቶ የነበረው የሶሻል ወርክ ትምህርትም እ.ኤ.አ. በ2004 በማስተርስ ደረጃ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ተከፈተ። ዛሬ በየክልሉ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችና የግል ኮሌጆች እነዚህን ትምህርቶች ይሰጣሉ። የመግቢያ ፈተናውን ማለፍ ቀላል ባይሆንም በሩ ሰፍቷል። በሩ ሲሰፋ ግን ጥያቄው ተለወጠ። ድሮ “የት አገኛለሁ?” ነበር፤ አሁን “ለምን እማራለሁ?” ሆኗል።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የብዙዎቻችን መልስ የደረጃ እድገት ነው። ይህ አያሳፍርም። የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ በየዓመቱ ሲጨምር ደመወዝን ለማሻሻል መጣር ተገቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ሌላ ምክንያት ሲጠፋ ነው። ለምን ቢሉ፣ ፈተናው በመጀመሪያው ዓመት አይታይም። የክፍል ትምህርቱን ጓደኛ እያገዘ፣ ማስታወሻ እየተበደሩ ያልፉታል። ፈተናው የሚመጣው የመመረቂያ ጽሑፉ ጋ ሲደረስ ነው። ርዕስ መምረጥ፣ ፕሮፖዛል ማጸደቅ፣ መረጃ መሰብሰብ፣ አማካሪው ባሰመረበት ላይ ደጋግሞ መሥራት፣ በመጨረሻም በፈታኞች ፊት ቀርቦ መከላከል፤ ይህን ሁሉ ተማሪው ብቻውን ይወጣዋል። ልክ በዚህ ጊዜ “ሪሰርች እናማክራለን” የሚል ማስታወቂያ ከስልክ እንጨት ላይ ወይም ከቴሌግራም ብቅ ይላል። ማማከር ይባል እንጂ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ያለቀ ጽሑፍ ነው።

ወገኖቼ፣ ጽሑፉን የገዛ ሰው ዲግሪውን አግኝቶ ትምህርቱን አጥቷል። ምክንያቱም ማስተርስን ከመጀመሪያ ዲግሪ የሚለየው ይኸው ክፍል ነው፤ አንድን ጥያቄ ይዞ መልሱን በራስ እግርና በራስ አእምሮ መፈለግ። ያን ያልተማረ ሰው ነገ የሥራ ሂደት መሪ ሲሆን ጠረጴዛው ላይ “አፈጻጸም ዘጠና አምስት በመቶ” የሚል ሪፖርት ይቀርብለታል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ መጠየቅ አይችልበትም፤ ፈርሞ ያሳልፈዋል። በዚያው ሰዓት አንዲት እናት ሕፃን አዝላ መስኮቱ ጋ ለሦስተኛ ጊዜ “ነገ ተመለሺ” እየተባለች ነው።

ታዲያ እውነተኛ ጥያቄ ከየት ይገኛል? አንድ ምሳሌ እንመልከት። አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሎስ አንጀለስ ለዶክትሬት ስታመለክት በቂ ሂሳብ አልተማርሽም ተብላ ኢኮኖሚክስ ክፍል ሳይቀበላት ቀረ። ፖለቲካል ሳይንስ ገባች። ለጥናቷ የመረጠችው ሩቅ ያለ ነገር አልነበረም፤ እዚያው በሎስ አንጀለስ አካባቢ ያለውን የከርሰ ምድር ውኃ ነበር። ሁሉም ያለገደብ ሲስብ የባሕር ጨው ወደ ጉድጓዶቹ መግባት ጀምሮ ነበርና፣ ተጠቃሚዎቹ እንዴት ተስማምተው ውኃውን ለማዳን እንደበቁ አጠናች። እ.ኤ.አ. በ1965 ዶክትሬቷን አገኘች። በኋላም በ1970ዎቹ ከተማሪዎቿ ጋር በኢንዲያናፖሊስ የፖሊስ አገልግሎትን ስታጠና የፖሊስ አዛዦችን አስተያየት ብቻ ይዛ አልተመለሰችም፤ ነዋሪዎቹን ጠየቀች። የትንንሾቹ ጣቢያዎች አገልግሎት ከትልቁ እንደማያንስ፣ እንዲያውም በብዙ ነገር እንደሚሻል ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። መነሻዋ ግን የሰፈሯ ውኃ ነበር።

እኛስ ጋ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ጠፍቶ ነው? በ2008 ዓ.ም. የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀመረ። “በአንድ ወረዳ የልደት ምስክር ወረቀት የሚፈልግ ባለጉዳይ ስንት ጊዜ ይመላለሳል? የሚመለሰውስ በምን ምክንያት ነው?” ብሎ የሚነሳ ተማሪ አንድ ወር መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ቢቆጥር ለወረዳውም ለራሱም የሚጠቅም ነገር ያገኛል። ዕድርም እንዲሁ ነው፤ ያለ ደመወዝተኛ ሠራተኛ መዋጮ የሚሰበስብና ሐዘንተኛን የሚደርስ ተቋም እንዴት እንደሚተዳደር ማጥናት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የተለመደው ግን “የመልካም አስተዳደር ተግዳሮቶች” የሚል ሰፊ ርዕስ መያዝና “በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ” የሚል መጠይቅ ለዚያው መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በትኖ አማካዩን በኮምፒውተር ማውጣት ነው። ሠራተኛው ስለራሱ የሞላው መጠይቅ ብቻውን የባለጉዳዩን እንግልት አያሳይም።

ለባለትዳሮች ደግሞ ጥቂት ምክር እንጨምር። ከመመዝገባችሁ በፊት በአንድ ምሽት ተቀምጣችሁ ሁለቱን ዓመት በወረቀት ላይ አስቀምጡ። ክፍያው ከየትኛው ወጪ ላይ ይቀነሳል? ቅዳሜ ልጆቹን ማን ይይዛል? እሑድ ክፍል ካለ አምልኮውና አብሮ ማሳለፉስ እንዴት ይሆናል? የጽሑፉን ጊዜ አትርሱ። ክፍል ስላለቀ ዕረፍት የመጣ ይመስላል እንጂ ሌሊት የሚመሸው ያኔ ነው። የማይማረው የትዳር ጓደኛ ጥያቄውን ይወቀው፤ ረቂቁንም ያንብበው። ምን እንደሚጠና የሚያውቅ ሰው ድካሙን በቀላሉ ይሸከማል። ሚስት ልትማር ስትነሳ ደግሞ የቤቱ ሥራ እንዳለ በእርሷ ላይ ከቀረ፣ ባል ፈቅዷል ማለት ይከብዳል።

በመጨረሻም የማመልከቻ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት በግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ፤ በየቀኑ ከምታዩት ሥራ የወጣ፣ መልሱን በእውነት ማወቅ የምትፈልጉትን። ጥያቄው ከተገኘ ተመዝገቡ፤ ሌሊቱን የሚያስችላችሁ እርሱ ነው። ካልተገኘ አንድ ዓመት ብትቆዩ ምንም አይቀርባችሁም፤ በዚያ ዓመት ጠረጴዛችሁ ፊት የሚቆመውን ባለጉዳይ ልብ ብላችሁ ስሙት።