ፋሽዝም በመኳንንቱ ሳሎን

ፋሽዝም ሲነሣ በብዙዎቻችን ኅሊና የሚመጣው ሥራ አጥ ጎረምሳና በአደባባይ የሚጮህ መንጋ ነው። ሥዕሉ ሐሰት ባይሆንም ግማሽ ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የነበረችውን እንግሊዝ ያጤነ ሰው፣ ጥቁር ሸሚዝ ለባሹ ወገን በመኳንንቱ ሳሎንም አድናቂ እንደነበረው ይረዳል።

እ.ኤ.አ. በ1932 የእንግሊዝ ፋሽስቶች ኅብረትን የመሠረተው ሰር ኦስዋልድ ሞዝሊ የአባቱን ማዕረግ የወረሰ ባለርስት፣ ቀደም ሲልም የሌበር መንግሥት ሚኒስትር ነበር። በ1936 የሎርድ ሪድስዴልን ልጅ ዳያና ሚትፎርድን ያገባው በርሊን፣ ጎብልስ ቤት፣ ሂትለር በተገኘበት ነው። እኅቷ ዩኒቲም ከሂትለር የወዳጆች ክበብ ገብታ ነበር። የዴይሊ ሜይል ባለቤት ሎርድ ሮዘርሚር በ1934 ለጥቁር ሸሚዞች በጋዜጣው እልል አለ። የአየር ኃይል ሚኒስትር የነበረው ሎርድ ለንደንደሪ ደግሞ ከሥልጣኑ ከተነሣ በኋላ ሂትለርን ጎበኘ፤ ሪበንትሮፕንም በሰሜን አየርላንድ ርስቱ አስተናገደ።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም አንድ አልነበሩም። ለንደንደሪ የሰላም ፈላጊ ነኝ ባይ እንጂ የሞዝሊ ተከታይ አልነበረም። ሁሉንም ያቀራረበው ግን ፍርሃት ነው። የ1911ዱ ሕግ የመኳንንቱን ምክር ቤት ሥልጣን ሸርፎታል፤ የውርስ ግብር ርስታቸውን አስሽጧቸዋል፤ የ1917ቱ የሩሲያ አብዮትም እንቅልፍ ነስቷቸዋል። ከኮሚኒዝም የሚጠብቃቸው ዘበኛ ሲፈልጉ፣ የዘበኛውን ማንነት መጠየቅ ተዉ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ!

የዚህ ፍርሃት ዋጋ ለእኛም ተርፏል። ሙሶሊኒ በጥቅምት 1935 ኢትዮጵያን ሲወር፣ ሞዝሊ በኢጣልያ ላይ የሚጣለውን ማዕቀብ በመቃወም፣ እንግሊዝ በራሷ ጉዳይ ላይ ታተኩር እያለ ቀሰቀሰ። በእነዚያው ዓመታት ድርጅቱ ከሙሶሊኒ በምስጢር ገንዘብ ይቀበል ነበር። የአገር ፍቅር ስሙ በባዕድ ኪስ ይቆም ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ዘር ዕጣ ፈንታ አይደለም። ሌላዋ ሚትፎርድ፣ ጄሲካ፣ በ1937 ከቤቷ ኮብልላ ወደ ስፔን ሄዳ ከሪፐብሊኩ ወገን ቆመች። የወግ አጥባቂው ፓርቲ እንደራሴና የአቶል መስፍን ባለቤት ካትሪንም ሂትለርን የመለማመጥን ፖሊሲ ተቃውማ፣ በ1938 ወንበሯን ለቅቃ በማሟያ ምርጫ ተወዳደረች፤ ለጥቂትም ተሸነፈች። ያሸነፋት የገዛ ፓርቲዋ ዕጩ ነበር።

ሞዝሊን ያቆመው የመኳንንቱ ጨዋነት አልነበረም። በጥቅምት 1936 በለንደን ኬብል ጎዳና ሰልፉን ያገዱት አይሁዶች፣ የአይሪሽ ወደብ ሠራተኞችና ሌሎች የምሥራቅ ለንደን ነዋሪዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግም የፖለቲካ ደንብ ልብስን ከለከለ። ፓርቲው አንድም የፓርላማ ወንበር ሳያገኝ፣ በ1940 መሪው ታሰረ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ቀላል ነው። አንድን ሐሳብ የሚያቀርበው ሰው ትሑት፣ የተማረና ባለማዕረግ መሆኑ ሐሳቡን ንጹሕ አያደርገውም። ስለ ሥርዓትና መረጋጋት በለሰለሰ ድምፅ ሲነገረን፣ ሥርዓቱ በማን ጀርባ ላይ እንደሚቆም አስቀድመን እንጠይቅ። የእንግሊዝ መኳንንት ይህን ሳይጠይቁ ቀርተዋል፤ ሒሳቡን የከፈሉት ግን ሌሎች ናቸው።