መጠጥ ቤቷ ፈረሰች፤ ባለቤቷ ማን ነበረች?

መጠጥ ቤት ሲፈርስ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ባለቤቱ ማነው?» የሚል ነው። የወረዳው ሠራተኛ ይጠይቃል፣ ካሳ ገማቹ ይጠይቃል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የአዲስ አበባን መጠጥ ቤቶች ታሪክ ላስተዋለ ግን ቀላል አይደለም። በዚህች ከተማ መሬቱ የአንዱ፣ ግድግዳው የሌላው፣ ቤቱን ሰው የሚገባበት ቤት ያደረገችው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ሆና ብዙ ዘመን ኖረናልና።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርሱ ብዙ ተባለ። ስለ ሕንፃዎቹ ዕድሜ፣ ስለ ነዋሪው መበተን፣ ስለ አዲሱ መንገድ ውበት። ስለ መጠጥ ቤቶቹ የተወራው ግን ባብዛኛው ቀልድ ነበር። «እንግዲህ የት ልንጠጣ ነው?» ዓይነት። እኔን የሚያሳስበኝ የት እንደምንጠጣ አይደለም፤ መጠጫ በየአስፋልቱ ዳር ሞልቷል። የሚያሳስበኝ ሠላሳና አርባ ዓመት ያስተናገደችን ሴትዮ በየትኛውም መዝገብ ላይ ባለቤት ሆና ሳትጻፍ መሄዷ ነው።

የአከራይ ስም ያላቸው ሰፈሮች

በሌሊት ሕይወታቸው የታወቁትን ሁለት ሰፈሮች ስም እንይ። ውቤ በረሃ ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ ነው። ካዛንቺስ ደግሞ በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምሕጻረ ቃል የመጣ ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ልብ በሉ። አንዱ የመኳንንት፣ ሌላው የወራሪ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስም ነው። ሁለቱም የባለይዞታ ስሞች ናቸው።

ሰፈሮቹን በሌሊት ሰው የፈለጋቸው ግን ለደጃዝማቹም ለኢንቺስም ብሎ አይደለም። ጠጅ የጣሉት፣ ጠላ የጠመቁት፣ አረቄ የቀዱት፣ አዝማሪ ያስቀመጡት ኮማሪቶች ናቸው ሰው የጠሩት። ስብሐት ገብረእግዚአብሔር ያለ ውቤ በረሃ ሌሊቶች «ሌቱም አይነጋልኝ»ን ከየት ያመጣው ነበር? ማሕሙድ አህመድስ መድረክ ያገኘው ተላላኪ ሆኖ ይሠራበት በነበረው አሪዞና ክለብ፣ ዘፋኞቹ ባልመጡበት ሌሊት አይደለም እንዴ? ዛሬ የምንኮራበት ሙዚቃና ሥነ ጽሑፍ ግማሹ መጠጥ ቤት ያደገ ነው። አሳዳጊዎቹ ግን በሰፈሩ ስም ውስጥ የሉም።

አከራይ ሲለወጥ

እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የከተማው መሬት ባብዛኛው በጥቂት ባላባቶችና ባለጸጎች እጅ ነበር። ቤት የሌላት ኮማሪት ተከራይ ነበረች፤ ሠርታ ለአከራይ ትከፍላለች። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የነበሩት አነስተኛ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፣ ኪራዩም ተቀነሰ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ለብዙ ኮማሪቶች ይህ እፎይታ ነበር። ከዚያ ወዲያ ባላባቱ በተነሣበት ቀን «ልቀቂ» ሊላት አይችልም።

ነገር ግን ቀበሌም አከራይ ነው፤ ያውም ጣሪያ የማያድስ አከራይ። ቆርቆሮው ሲያፈስ የምታስቀይረው እሷ፣ ግድግዳው ሲላጥ የምታስመርገው እሷ። በላዩ ላይ ሰዓት እላፊ መጣ፤ የሌሊት ቤት ሌሊት ተከለከለ። ያንንም አለፈችው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ማሲንቆው እንደገና ሲሰማ፣ ካዛንቺስ የአዝማሪ ቤት ሰፈር ተባለ። ንጉሡ አልፈው፣ ደርግ አልፎ፣ ቤቷ ሳትዘጋ ቆየች። በሰነዱ ላይ ግን ያው ተከራይ ናት።

ፈንድቃና ሌሎቹ

ከካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ዝነኛው ፈንድቃ ነው። መላኩ በላይ እዚያው በሽልማት ገንዘብ እየጨፈረ፣ እዚያው እያደረ ኖሮ በመጨረሻ ቤቱን ተረክቦ የባህል ማዕከል አደረገው። ሰፈሩ ሲፈርስ ፈንድቃም ተነሣ፤ ትልቅ ሆቴል ውስጥ መጠጊያ አገኘ። እሰየው ነው! ግን ለምን አገኘ? ስም ስለነበረው ነው። ባሕር ማዶ ዞሮ ያሳየ ባለሙያ፣ ጋዜጠኛ የሚጽፍለት፣ የውጭ አገር ሰው የሚያውቀው ቤት ስለሆነ ነው።

ከጎኑ በጣሳ ምልክት ብቻ የምትታወቀው ጠላ ቤትስ? ታፔላ የላትም፤ «እትዬ እገሊት ቤት» ነው የምትባለው። ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሥራ የሚሰማው እዚያ ነው። ዕቁብ የሚጣለው እዚያ ነው። ደመወዝ እስኪደርስ ስሙ በዱቤ ደብተር የሚሰፍረው እዚያ ነው። ባለቤቷ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስትገባ ጋኗን ይዛ ትወጣ ይሆናል፤ ደንበኛዋን ግን ይዛ አትወጣም። ያ የዱቤ ደብተርም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራ ወረቀት ነው።

አንዳንዱ «መጠጥ ቤት ምኑ ይናፈቃል?» ይላል። ክርክሩ ተራ አይደለም። ብዙዎቹ ቤቶች ሽንት ቤት እንኳ በወጉ አልነበራቸውም። ስንት ደመወዝ በዚያ ባንኮኒ ላይ ቀረ፣ ስንት የገጠር ልጅ አስተናጋጅ ሆና ገብታ ተጎዳች። ስለዚህ እንደነበሩ ይመለሱ አልልም። ቤቱ ማርጀቱ ግን የሠራችውን ሴት ከታሪክ ለመፋቅ ምክንያት አይሆንም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ነገሩ ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ እንኳ የንግድ መደብር ዋና ሀብቱ መልካም ዝናው መሆኑን፣ የንግድ ስምም የሀብቱ አካል መሆኑን ደንግጎ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ለተነሺ የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳን አመጣ። ጥሩ ነው። ዝና ግን በካሬ ሜትር አይለካም፤ ስለዚህ ከካሳ ገማቹ ሜትር ያመልጣል።

እኔ የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቤት ከመፍረሱ በፊት ማን እንደሠራበትና ከመቼ ጀምሮ እንደሠራበት ይመዝገብ። ግድግዳው የማን እንደሆነ ብቻ ተጽፎ አይታለፍ። ሁለተኛ፣ በቦታው ላይ በሚነሣው ሕንፃ ምድር ቤት ለነባሮቹ ነጋዴዎች በሚችሉት ኪራይ ቅድሚያ ይሰጥ፤ ስማቸውን ይዘው ይመለሱ። ሦስተኛው የእኛ የወጣቶቹ ነው። ስልካችን ውስጥ የመጠጥ ፎቶ ሞልቷል፤ የቀዳችልን ሴትዮ ድምፅ ግን የለም። እናቶቹ በየኮንዶሚኒየሙ አሉ። ሄደን እንቅዳቸው፤ መቼ ጀመሩ፣ ለማን ከፈሉ፣ ስንት አከራይ አሳለፉ?

የባላባቱ ስም በሰፈር ቀርቷል፣ የቀበሌውም በማኅደር። የእሷ ግን ያለው በደንበኞቿ አፍ ላይ ብቻ ነው፤ ደንበኞቿም ተበትነዋል።